የድንጋይ ካባ ፈቃድ ልናወጣ ሄደን «ቦታው ፕላን ውስጥ ገብቷል» ተባልን፤ ድሬ ላይ ይህን ያለፈበት አለ?

የከዚራ_ልጅ (ክሩን የከፈተ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለድሬ ልጆች፣ ለሐረሮችም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፣ ከረዘመ ይቅርታ። እኛ ስምንት ሆነን የተደራጀን ማኅበር ነን። ሁለታችን በሲቪል ተመርቀን ሥራ ፍለጋ ጫማ የጨረስን፣ አንዱ የሲኖትራክ ሹፌር፣ የቀሩት ድንጋይ ሲፈልጡና ሲጭኑ ያደጉ ልጆች። ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ ደንገጎ ከሚወጣው አስፋልት ገባ ብሎ በአንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ለካባ፣ ማለትም ድንጋይ ለማውጫ፣ የሚሆን ኮረብታ አየን። በሃ ድንጋይ (ላይምስቶን) ነው። ላዩ ላይ አፈር የለውም ማለት ይቻላል፤ መኪና እስከ ሥሩ ይገባል። ናሙና አስመርምረን ለጠጠር ይሆናል ተባልን። የቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ፈረሙልን፣ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ፈቃድ ወደሚሰጠው ክፍል ሄደን አመለከትን። ኮኦርዲኔት (የቦታውን መገኛ ቁጥር) አምጡ አሉን፣ ሰጠን።

አራት ወር ጠበቅን። መልሱ ሲመጣ ከማዕድን ሰዎች ሳይሆን ከመሬት ሰዎች ሆነ፦ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ካርታ) ማስፋፊያ ውስጥ ይወድቃል፣ ደግሞም ለመንደር ቅርብ ነው። አለቀ። ወደ ማዕድኑ ክፍል ብንመለስ ባለሙያው «በእኛ በኩል ችግር የለም፣ የመሬቱን ጨርሳችሁ ኑ» አለን። መሬት ጋ ብንሄድ «እኛ ፕላኑን ነው የምናየው» አሉን። ፕላን ጋ ብንሄድ ካርታውን ግድግዳ ላይ አሳዩንና ምሳ ወጡ።

እስካሁን ለናሙና፣ ለመመላለሻና ለወረቀት ያወጣነው 90 ሺህ ብር አልፏል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ማዕድኑ የመንግሥት፣ ፈቃድ የሚሰጠውም መንግሥት። የከተማ ፕላን እንዴት ብሎ ድንጋይ ይከለክለናል? ድሬ በየቀኑ እየተገነባች ነው። ጠጠሩ ከየት ሊመጣ ነው?

ሲኖ_በረንዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

አቦ፣ ጠጠሩማ ከሩቅ ይመጣል፤ ናፍጣውን ግን አንተ ትከፍላለህ። ድንጋይ እኮ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ውድ የሚያደርገው መንገዱ ነው። ቅርብ ካባ ሲዘጋ የእኛ ቢያጆ (የጉዞ ሒሳብ) ይጨምራል። እኔ አልከፋኝም 😄

ጠበቃ_ነኝ_ዳኛ_አይደለሁም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:25

የከዚራ ልጅ፣ የተሳሳታችሁት ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ነገር ግን «የመንግሥት» ስትል አንድ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ አስመሰልከው። ድንጋዩን የማውጣት መብት የሚመነጨው ከማዕድን አዋጁ ነው፣ ቁጥር 678/2002 ከነማሻሻያዎቹ። በዚያ አዋጅ የግንባታ ማዕድን ፈቃድ ለአገር ውስጥ ሰው የሚሰጠው በየአካባቢው ያለው አካል ነው፤ አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅብህም። መሬቱ ላይ የመቆም መብት ግን ሌላ ምንጭ አለው። የገጠር ከሆነ ከገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ፣ አሁን 1324/2016። ከተማ ወይም የከተማ ማስፋፊያ ከሆነ ደግሞ የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ይገባበታል። አንተ ቦታውን «ገጠር ቀበሌ» ብለህ ጀመርክ፤ ፕላኑ ግን ቀበሌውን አይደለም የሚያየው፣ መስመሩን ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ። የማዕድን አዋጁ ራሱ «እዚህ ቦታ ላይ አትግቡ» የሚላቸው አሉ፦ የመቃብርና የእምነት ስፍራ፣ የአርኪዮሎጂ ቅሪትና የአገር ቅርስ ያለበት፣ ለመሠረተ ልማት የተያዘ መሬት፣ ፓርክ። ከመንደር፣ ከከተማ ወይም ከውሃ ግድብ ወሰን 500 ሜትር ውስጥ ያለ መሬትም ከእነዚህ አንዱ ነው። «ለመንደር ቅርብ ነው» የሚለው መልስ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ የመሬት ሰዎቹ የማዕድን ሕጉን አልበለጡትም፤ ሕጉ ራሱ ወደ እነርሱ ላከህ።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም አለ፣ አዋጅ 299/1995። ፈቃድ ሰጪው የአካባቢ ጥበቃው አካል ይሁንታ መስጠቱን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት አይችልም። ይህን ገና አልጀመራችሁም፣ ልክ ነኝ?

የከዚራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ጋሼ፣ አልጀመርንም። ፈቃዱ ሲወጣ የሚሠራ መስሎን ነበር። ቃለ ጉባኤውስ? ምንም ዋጋ የለውም ማለት ነው?

ጠበቃ_ነኝ_ዳኛ_አይደለሁም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:58

ዋጋ አለው፤ የሚገባውን ያህል ብቻ። ነዋሪው እንዳልተቃወመ ያሳያል። የመሬት አጠቃቀም ግን አይለውጥም። ቀበሌ ፕላን አያሻሽልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው የማያስተውለው ነው። መዋቅራዊ ፕላን ዕድሜው 10 ዓመት ነው። አነስተኛ የማዕድን ሥራ ፈቃድም እስከ 10 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል። ፈቃድህ በፕላኑ ስምንተኛ ዓመት ላይ ከወጣ፣ ማሽንህ ሳያረጅ አዲስ ፕላን ይመጣብሃል ማለት ነው። ስለዚህ ካርታውን ስታይ ቀለሙን ብቻ አትይ፣ የጸደቀበትን ዓመት እይ።

እናት_ሳቢያን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ልጆቼ፣ ሥራ መፈለጋችሁን አልጠላም። ግን 500 ሜትር ስትሉ እንደ ቀልድ አትዩት። እኔ አሁን ሳቢያን ነኝ፤ ከዚህ በፊት የምኖረው ድንጋይ መፍጫ አጠገብ ነበር። ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ይብሳል። እንጀራ ስጋግር ምጣዱን ከመክፈቴ በፊት በጨርቅ እጠርገዋለሁ። በድማሚት ሲመቱ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ሄጄ ስናገር «ቤቱ አሮጌ ነው» ተባልኩ። ቤቱማ አሮጌ ነው፣ ግን ለብቻው ሲቀር አይሰነጠቅም ነበር። ውሃ እየረጩ ይሠሩ ብንል ውሃ የለም አሉን። ድሬ ውስጥ ለሰው ያልበቃ ውሃ ለአቧራ ከየት ይመጣል? እዚያ ላይ እንኳ እውነታቸውን ነው።

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

እትዬ፣ ተቀብያለሁ። እኛ ለጊዜው በእጅና በጃክ ሃመር ነው ያሰብነው፤ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) ገና ነው።

እናት_ሳቢያን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:11

እነሱም «ለጊዜው» ነበር ያሉት።

ቀያሽ_37 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ምሳ ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ከቢሮ አያስወጣም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ።

የከዚራ ልጅ፣ የሰጣችሁትን ኮኦርዲኔት በምን ነው ያነበባችሁት? በስልክ ከሆነ ስልክህ የሚሰጥህ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የቅየሳ መነሻ ነው። የአገራችን የቆዩት ካርታዎች፣ አንድ ለ50 ሺህ የሚባሉት፣ የተሠሩት ግን በአዲንዳን ነው። አዲንዳን የመሬትን ቅርፅ በሌላ ልክ የሚወስድ አሮጌ የቅየሳ መነሻ ነው። ያው ነጥብ በሁለቱ ላይ የተለያየ ቁጥር አለው። ልዩነቱ በእኛ አገር ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 90 ሜትር አካባቢ ነው። ሰዎቹ የስልክህን ቁጥር ሳይቀይሩ በአዲንዳን ካርታ ላይ ቢያስቀምጡት ኮረብታህ ከቦታው ተነሥቶ 200 ሜትር ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከተማው ከኮረብታህ በየት በኩል ነው? በሰሜን። መንደሩስ?

እዚህ ላይ ስንት ሰው እንደተቀጣ ብነግርህ ትስቃለህ። 500 ሜትር በሚለካበት ጉዳይ 200 ሜትር ስሕተት ማለት ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው የምሥራቅ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጣጣ ነው። ቀያሾች ዓለምን በስድስት ስድስት ዲግሪ ይከፋፍሏታል። 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ዞን 37 ያልቅና ዞን 38 ይጀምራል። ያ መስመር የሚያልፈው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ነው። ድሬ 37 ናት፣ ሐረር 38። መሣሪያህ ሐረር ላይ ተስተካክሎ ድሬ ላይ ብትለካ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ዞኑን ሳትጽፍ ቁጥሩን ብቻ ብትሰጥ፣ ቦታህ በካርታው ላይ ሌላ አገር ሊወድቅ ይችላል። ስሜን ከዚህ ነው ያወጣሁት።

ስለዚህ ፕላን ሰዎቹን ከመክሰስህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ካርታቸው በየትኛው መነሻ ነው? የአንተን ቁጥር ቀይረውታል? 500 ሜትሩን ከመንደሩ ከየትኛው ጫፍ ለኩት? ከመጨረሻው ቤት ነው ወይስ ከመንደሩ ወሰን? ሕጉ የሚለው ወሰን ነው። ወሰኑን ማን እንዳሰመረው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ሲኖ_በረንዳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:31

ኢንጂነር፣ ከሐረር ወደ ድሬ ስወርድ ጆሮዬ የሚደፈነው ዞን ስለቀየርኩ ነው ለካ።

ቀያሽ_37 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:33

እሱ የደንገጎ ቁልቁለት ነው። ፍሬንህን አስፈትሽ።

የጋራው_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ሁላችሁም ስለ ካርታ ታወራላችሁ። እኔ ከዚያ አካባቢ ነኝ፤ የትኛው ኮረብታ እንደሆነም ገምቻለሁ።

«ላዩ ላይ አፈር የለውም» ያልከው ኮረብታ ባዶ አይደለም። ክረምት ላይ ፍየሎቻችን የሚወጡት እዚያ ነው። ወደ ውሃው የሚወስደው የእግር መንገድ በጥጉ ያልፋል። በማንም የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የለም፤ ምክንያቱም የጋራ ነው። ደብተር ያለው የግል ማሳ፣ ማሽላውና ጫቱ ነው። ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት እነማን ናቸው? ደብተር ያላቸው፣ ስብሰባ የተጠሩ ወንዶች። ፍየል የምትጠብቀው ልጅ አልፈረመችም። ውሃ የምትቀዳዋም አልፈረመችም።

ከተማ ሲሰፋም ይኸው ነው። የፕላን ሰዎች ካርታ ላይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይቀቡናል፣ እኛ ከሰባት ዓመት በኋላ እንሰማለን። አሁን ደግሞ እናንተ የከተማ ልጆች «ፕላኑ በደለን» ስትሉ ሳነብ ሳቄ መጣ። እንኳን ወደ እኛ በደህና መጣችሁ።

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:04

ወንድሜ፣ እኛ ባለሀብት አይደለንም። ስምንት ሥራ አጥ ነን። ከቀበሌው ሦስት ልጆች አብረውን ሊሠሩ ተስማምተዋል። ለባለ ይዞታዎቹም እንከፍላለን ብለናል። ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልገው?

የጋራው_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

«እንከፍላለን» የተጻፈው የት ነው? ካርቶን ላይ?

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:16

ውል አለን አልኩህ እኮ። ለአምስት ዓመት ኪራይ።

ጠበቃ_ነኝ_ዳኛ_አይደለሁም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እዚህ ላይ ልግባ፣ ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁና።

የከዚራ ልጅ፣ ያ የኪራይ ውል ያሳስበኛል። ገበሬው መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ በሕጉ ገደብ ማከራየት ይችላል። ነገር ግን የሚያከራየው የማረስና የመጠቀም መብቱን ነው። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ሊያከራይህ አይችልም፣ የእርሱ አይደለማ። ሰነዱን ይዛችሁ ፍርድ ቤት ብትቆሙ እንደማይረዳችሁ አሁኑኑ እወቁ። ትክክለኛው መንገድ ፈቃድ ሲወጣ ለተነካው ንብረትና ይዞታ ካሳ መክፈል ነው፤ ያንን የማዕድን አዋጁ ራሱ በባለ ፈቃዱ ላይ ይጥላል።

የጋራው ልጅ፣ አንተ ያልከው የጋራ ግጦሽ ነገር ከባድ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የካሳ ስሌቱን የሚያስቀምጠው አዋጅ 1161/2011 ነው፣ በ2016 ተሻሽሏል። የቀድሞው 455/1997 ለዘለቄታው ለተፈናቀለ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በ10 ያባዛ ነበር። 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 አባዛው። ከፍ አለ፤ ግን የሚያባዛው የተመዘገበ ገቢ ነው። የፍየል መንገድ ዓመታዊ ገቢው ስንት ነው ብለህ ትሞላለህ? ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። እና ቅጹ ላይ ቦታ የሌለውን ነገር የምታስገባበት አንድ በር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ነው። 299/1995 ሕዝቡ፣ በተለይም ተጎጂ ይሆናል የሚባለው ማኅበረሰብ፣ አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። የውሃ መንገዱን እዚያ አስጽፉ።

የጋራው_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ግምገማው ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። አንዱን አንብቤ ነበር፤ የዝናቡ መጠን የጅማ እንጂ የእኛ አይመስልም።

ጠበቃ_ነኝ_ዳኛ_አይደለሁም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

😂 ያንን መካድ አልችልም።

ፔንሲልቬንያ_ያለሁ_የድሬ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9:12

ከዚህ በሰዓት ስለምንለያይ ሌሊት ላይ ነው የምታገኙት። ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው፤ አሁን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ የጠጠር ካባ ሚዛን ላይ ነው የምሠራው።

እዚህም ያው ጭቅጭቅ አለ፤ ሰው ሁሉ በየስብሰባው የሚጮህበት ነው። እነርሱ የፈቱበት መንገድ ግን ይገርመኛል። ከድንጋይ ከሰል ውጭ ላለው የገፀ ምድር ማዕድን የስቴቱ ሕግ በፈረንጅ የ1984 ነው። እንዴት ትቆፍራለህ፣ እንዴት ታፈነዳለህ፣ እንዴት መልሰህ ትሞላለህ የሚለውን ስቴቱ ለብቻው ይዞታል፤ የአካባቢው አስተዳደር እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባም። የት ትቆፍራለህ የሚለውን ግን ለአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ትቶለታል። የስቴት ፈቃድ በእጅህ ይዘህ የአካባቢው ደንብ ያንን ሰፈር ለመኖሪያ ብቻ ካለው ቆመህ ትቀራለህ። በሌላ በኩል ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር «እኛ ጋ ካባ የሚባል አይታሰብም» ብሎ ጨርሶ መዝጋት አይችልም፤ የስቴቱ የፕላን ሕግ በደንባቸው ውስጥ ለማዕድን ተገቢ ቦታ እንዲተዉ ያስገድዳቸዋል።

ለድንጋይ ከሰል በፈረንጅ የ1977 የፌዴራል ሕግ አለ፦ ሰው ከሚኖርበት ቤት 300 ጫማ፣ ከመንገድና ከመቃብር 100 ጫማ። 300 ጫማ ወደ 91 ሜትር ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ከዚያም ይጠጋሉ። የእኛ 500 ሜትር ከእነርሱ ይጠብቃል ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ።

ልል የፈለግሁት፦ ድሬ የጎደላት ሁለተኛው ነገር ነው፣ ለማዕድን ቦታ መተው። ፕላኑ የት መኖሪያ፣ የት ፋብሪካ እንደሚሆን ያሳያል። «የከተማዋ ጠጠር ከዚህ ይወጣል» የሚል ቀለም ካርታው ላይ አለ? ከሌለ ማንም ወጣት የሚያመለክተው ኮረብታ ሁሉ የሌላ ነገር ቦታ ሆኖ ይገኛል።

ሲኖ_በረንዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ይሄ ሰውዬ ተናገረ።

የጁገል_ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:40

እኛ ሐረር ላይ ደግሞ ቦታው ራሱ የለም። ክልሉ ጠባብ ነው፤ ከተማ፣ እርሻ፣ ጫት፣ መቃብር፣ ሁሉም ተጠጋግቷል። ከመንደር 500 ሜትር ብለህ ክብ ስታሰምር ክቦቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ የሚያቅፈው 48 ሄክታር ቢሆንም ጥንቃቄው ከግንቡ ውጭም ይዘልቃል። ሀኪም ጋራ ላይ ቆመህ ከተማዋን ስታያት ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

የሚያስቀው፣ ወይም የማያስቀው፣ ግንቡና የድሮዎቹ ቤቶች ሲጠገኑ የሚያስፈልገው ድንጋይ ነው፣ ያውም የአካባቢው ድንጋይ። ቅርሱን ለመጠበቅ ካባ ይከለከላል፣ ቅርሱን ለመጠገን ካባ ይፈለጋል። እኔ አንዴ የአባቴን ቤት ግድግዳ ሳስጠግን ሠራተኛው ድንጋይ ከየት እንዳመጣ ጠየቅኩት፤ «አትጠይቀኝ» አለኝ። አልጠየቅኩትም።

ድሬዎችም ቅርስ አላችሁ፣ እንዳትረሱ። ለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ያሉት፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻም እዚያው ከከተማችሁ ጥግ ያለው፣ በዚሁ በሃ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዋሻ የሚሠራው ውሃ ይህን ድንጋይ ሲበላው ነው። እናንተ ያያችሁት ኮረብታ ላይ ዋሻ ወይም ጥላ ያለው ገደል ካለ መዶሻ ሳታነሡ ለቅርስ ሰዎች አሳዩ። ያ ከተገኘ 500ም 600ም ሜትር አያድናችሁም።

ደቻቱ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ስለ ድንጋይ ብቻ ነው የምታወሩት፤ አሸዋስ? ፕላን የማያየው ትልቁ ካባ ወንዙ ነው።

ሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚህ ድሬ ላይ ደመና እንኳ አልከበደም ነበር፤ ውሃው የወረደው ከላይ ከተራራው ነው። ከ250 ሰው በላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግድቡና ስለ ግንቡ ብዙ ተወራ። በጋ ላይ ግን ያው ደረቅ ወንዝ የማንም አይመስልም። አህያም፣ ጋሪም፣ ሲኖም ይገባበታል።

አሸዋ ከአንድ ቦታ ከልክ በላይ ሲወሰድ የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለው ጉድጓድ በሚቀጥለው ጎርፍ ወደ ላይም ወደ ታችም ይበላል፤ የድልድይ እግርና የመከላከያ ግንብ መሠረቱ ይራቆታል። ግንቡን የሠራውና አሸዋውን የሚፈቅደው በአንድ ካርታ ላይ ካልተቀመጡ አንዱ የገነባውን ሌላው በአካፋ ያወጣዋል።

ሲኖ_በረንዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:34

እኔን ነው?

ደቻቱ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:36

አንተን ብቻ አይደለም። ግን አዎ።

ሲኖ_በረንዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:49

እሺ፣ ቀልዱን ልተውና። እኔ አሸዋ የምጭነው ሰው ስለሚጠራኝ ነው። ባለ ፈቃዱ ማኅበር ጋ ብሄድ ደረሰኝ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ሮያሊቲው (ለማዕድኑ ለመንግሥት የሚከፈለው) 3 በመቶ ዋጋው ላይ ታክሏል። ወንዝ ውስጥ ብገባ ምንም የለም። ቤት የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ከየት አመጣህ ብሎ አያውቅም። ፈቃድ የሚያወጣው ሰው ነው እዚህ አገር የሚቀጣው። የከዚራ ልጅ አራት ወር የተንከራተተው በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ስላለ አይደል? ያለ ወረቀት ቢገባ ይሄኔ ክሬሸር ገዝቶ ነበር።

እናት_ሳቢያን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:05

ከዚያም እኔ ቤቴን እለቅ ነበር።

ቀያሽ_37 | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:00

ውሃውን የረሳነው ይመስለኛል። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በሃ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ ላዩ ላይ የፈሰሰ ናፍጣና የሞተር ዘይት አፈር ሳያጣራው በስንጥቁ ሊወርድ ይችላል። ነዳጅ የምታስቀምጡበትን፣ ማሽን የምትጠግኑበትን ቦታ ከወዲሁ በግምገማው ላይ አስገቡ፤ ወለሉን በሲሚንቶ ሥሩት። ይህን በራሳችሁ ጽፋችሁ ብትሄዱ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎቹ በሌላ ዓይን ያዩዋችኋል።

ማስፋፊያን በተመለከተም አንድ ሐሳብ አለኝ። ፕላኑ ያንን ቦታ የያዘው ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሆነ «መጀመሪያ ድንጋዩን እናውጣ፣ ከዚያ ደልድለን እናስረክብ» ማለት ይቻላል። ኮረብታ ላይ ቤት ለመሥራት ማንም ቢሆን መቁረጡ አይቀርም። ዐሥር ዓመት አትጠይቁ፣ አጭር ጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ መሬቱ ምን ከፍታ ላይ እንደሚቀር፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ በሥዕል አሳዩ። የተቀበለኝ አለ፣ ያልተቀበለኝም አለ።

የከዚራ_ልጅ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ሰላም እንደገና። ቃል ስለገባሁ የደረሰበትን ልንገራችሁ።

ቀያሽ_37 በግል ጻፈልኝና አብሮን ወጣ፣ እግዜር ይስጠው፣ ለነዳጅ ብቻ ነው የተቀበለን። የእኛ ቁጥር ከስልክ የተወሰደ ነበር። ካርታው ላይ የተቀመጠው ሳይቀየር ነው። ያኔ ከመንደሩ ወሰን 430 ሜትር ተብሎ ነበር፤ ተስተካክሎ ሲለካ 620 ሜትር ሆነ። የ500 ሜትሩ ነገር በዚህ ወደቀ። በጽሑፍ አስገብተናል፤ ተቀብለው ፊርማ ሰጥተውናል።

ፕላኑ ግን አልወደቀም። የኮረብታው ሰሜናዊ ፊት አሁንም መስመሩ ውስጥ ነው፤ ወደ 40 ሜትር ያህል ብቻ። አጭር ፈቃድ የሚለውን ሐሳብ ጠየቅን። «ለኮሚቴ ይቀርባል» አሉን፤ ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ተመካክረን ሰሜኑን ትተን ወሰናችንን ወደ ደቡብ ጎተትነው። ጥሩው ድንጋይ የነበረው ሰሜን ነው፤ ይሁን። ዋሻም ፈልገናል፤ የጅብ ጉድጓድ ብቻ ነው ያገኘነው።

አዲሱ ችግር ይኸውላችሁ፦ መኪና እስከ ሥሩ የሚገባው በሰሜን በኩል ነበር። በደቡብ ለመግባት 700 ሜትር ያህል መንገድ መጥረግ አለብን። መንገዱ የሚያልፈው ደግሞ የጋራው ልጅ በነገረን ግጦሽ ላይ ነው፣ የውሃውን መንገድ ይቆርጠዋል። የኪራይ ውሉን ቀደድነው፤ ጠበቃው እንዳለው በካሳ መንገድ እንሄዳለን። የግጦሹን ግን በምን እንደምንተምነው አላወቅንም።

የጋራው ልጅ፣ እዚህ ካለህ፣ ቁጣህን ይዘህም ቢሆን ና።

የጋራው_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:47

አለሁ። ለአጎቴ ነግሬዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ይመቻቸዋል። መንገዱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በድንጋዩ ጥግ ቢዞር የውሃውን መንገድ አይነካም፤ ይረዝማል እንጂ። 700ው 1,100 ይሆናል። እሱን መጀመሪያ በእግር እናየዋለን።

ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ለውሃ የሚወርዱት ሴቶች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፤ ከእነሱ በፊት ድረሱ፣ እነሱ ይናገሩ።

የከዚራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ከሌሊቱ 11:30 ከለገሀር እንነሣለን።

ቀያሽ_37 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

ጂፒኤሱን እኔ እይዛለሁ። ሜትሩን እናንተ ያዙ፣ ባትሪው ካለቀ።